ሁለት ምልክት ያለበት ሮቃ

ለሥራ ቃለ መጠይቅ በቀረብሁ ቁጥር "ምህንድስናን ለምን መረጥክ?" ተብዬ እጠየቃለሁ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ "ከልጅነቴ ጀምሮ የአካባቢዬን ችግር በሙያ ለመፍታት እመኝ ነበር" እላለሁ። ጠያቂዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅነቅ አድርገው ይጽፋሉ። እነሱም በጊዜያቸው ይህንኑ ብለው የተቀጠሩ ስለሆኑ አይፈርዱብኝም።

እውነቱ ግን እኔ መሆን የፈለግሁት ፋርማሲስት ነበር። የሸዋ ሮቢትን የግንቦት ከሰዓት የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። አስፋልቱ ነጠላ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ባጃጅ ነጂዎች እግራቸውን በጎን አውጥተው ጥላ ሥር ያንቀላፋሉ፣ ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ዝንብ ማባረሩንም ይተዉታል። በዚያ ሁሉ መካከል አውራ ጎዳናው ዳር አንድ መድኃኒት ቤት ነበር። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፣ ጥግ ላይ ፍሪጅ አለ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ለአባቴ የራስ ምታት ክኒን እንድገዛ በተላክሁ ቁጥር ማራገቢያው ሥር ቆሜ የማልገዛውን መድኃኒት ሁሉ ዋጋ እጠይቅ ነበር። የሙያ ፍቅር ያደረብኝ እንደዚያ ነው።

በዚያን ጊዜ ግን አገሪቱ ኢንጂነር ትፈልጋለች ተብሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በገፍ ወደዚያው ይነዳ ነበር። ቅጹ ላይ ፋርማሲን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ፤ ምደባው ሲመጣ ሲቪል ምህንድስና ሆኖ ተገኘ። ለአባቴ ስነግራቸው "አልሀምዱሊላህ!" አሉና ትንሽ ቆይተው "ምንድን ነው እሱ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ድልድይ፣ መንገድ፣ ሕንፃ የሚሠራ ነው" አልኳቸው።

አባቴ መንደራችን ዳር ወዳለው ወንዝ አዩና ወደ ማሽላቸው ሄዱ። መንደሩ ግን ዝም አላለም። በሳምንቱ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ገና በሕፃንነቴ በጭቃ ድልድይ እሠራ እንደነበር ትዝ ይለው ጀመር። እኔ በጭቃ የሠራሁት በሬ ብቻ ነው፤ እሱም ቀንዱ እየወደቀ አስቸግሮኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የኔ ቢጤ ሞልቶ አገኘሁ። አንዱ ወንድሙ "አትችለውም" ስላለው በእልህ የመጣ ነው። አንዱ ከስሙ በፊት "ኢንጂነር" የሚል እንዲጨመርለት ብቻ አምስት ዓመት ሊማር ቆርጧል። የአጣዬው ጓደኛዬ ደግሞ ወረፋ አሳስቶት ነው የተመዘገበው እያልን እናበሽቀው ነበር። ከተመረቅን በኋላ ሁለታችንም ሥራ አጥተን እሱ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ ያዘ። ተሳፋሪዎቹ "ኢንጂነር፣ እዚህ ጋ አውርደኝ" ይሉት ነበር፤ የተመኘነውን ማዕረግ በዚህ አገኘው። በኋላ አጣዬ ስትቃጠል ባጃጁን ለባለቤቱ መልሶ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ፤ የአባቱን ሱቅ ግድግዳ እየለካ ከመሠረቱ አነሣው፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። ከሁላችንም ውስጥ ምህንድስናን ከልቡ የመረጠው እሱ ብቻ ይመስለኛል። የመረጠውም ዲግሪውን ከያዘ ከዓመታት በኋላ ነው።

እኔ ግን ሳልመርጠው ወደድኩት። ያደግሁት ሁሉ ነገር በሽምግልና በሚያልቅበት መንደር ነው። የድንበር ጠብ ሲነሣ ወደዚህ ትንሽ፣ ወደዚያ ትንሽ ተብሎ ይታረቃል፤ እውነቱ የት ጋ እንደነበር ማንም አይጠይቅም። ቁጥር ግን አይለማመጥም፣ ይሉኝታ አያውቅም። ሒሳቡ ይህ ምሰሶ አይችልም ካለ አይችልም። ከሰው አፍ የተገላገልሁ መሰለኝ።

አሁን ስለ ወንዙ ልናገር። መንደራችን ቀወት ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ተጉዘው፣ ከወንዙ ዳር ወርደው፣ ተሻግረው በእግር የሚደርሱበት። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ አህያ ጭኖ ያልፍበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ግን እኛ ዘንድ ፀሐይ እየወጣ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ድንገት ይመጣል። ጤና ጣቢያው፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ከማዶ ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ቤት መጣች። ምጡ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ዳር ስንደርስ ውኃው ሞልቷል። ዳሩ ላይ ትልቅ ሮቃ አለ፤ ፍሬው የሚጎመዝዘው የቆላ ዛፍ። ውኃው ግንዱን ውጦታል፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ ከሱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ጠበቅን። ልጁ እዚያው ተወለደ፤ አልኖረም። ውኃው ሲጎድል አባቴ ከጎረቤት መጥረቢያ አስመጡ። በኛ መንደር ትልቅ ጎርፍ የደረሰበትን ቦታ ዛፍ ላይ ምልክት ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። አባቴ ግንዱ እስከ የት እንደራሰ አይተው፣ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ሁለት ጊዜ መቱት። ከዚያ መጥረቢያውን ለባለቤቱ መልሰው ልጁን ሊቀብሩ ሄዱ።

ከተመረቅሁና ብዙ ከተንከራተትሁ በኋላ ደብረ ብርሃን አንዲት የጥናት ቢሮ ቀጠረችኝ። አለቃዬ ጡረታዋ የደረሰ፣ ሰላሳ ዓመት ድልድይ ስታጠና የኖረች የደጋ ሴት ነች። የመጀመሪያ የመስክ ሥራችን የትኛው ወንዝ እንደሆነ ካርታው ላይ ስታሳየኝ የኛው ወንዝ ሆኖ አገኘሁት።

"አካባቢውን ታውቀዋለህ?" አለችኝ።

"በመጠኑ" አልኳት።

ለአባቴ ስልክ ደውዬ እንደምንመጣ ነገርኳቸው። ይህን ያደረግሁት ምሳ እንዲያዘጋጁ ብዬ ነበር።

ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ሮቃው ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። አባቴ መካከላቸው ቆመዋል። ልስማቸው ጎንበስ ስል እጃቸውን ዘርግተው እንደ እንግዳ ጨበጡኝ፤ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ኢንጂነሮች" አሉ። ግራ ገብቶኝ ዞር ስል አፍንጫዬን ስትጠርግ ያሳደገችኝ ጎረቤታችን አጠገቧ ያለችውን ሴት "ልጁ ከየት አገር ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ያኔ ገባኝ። መንደሩ ተመካክሯል። ልጃቸው መሆኔ ከታወቀ ጥናቱ ለዘመድ ያደላል ተብሎ እንዳይጣል ፈርተው አንድም ሰው ላያውቀኝ ተስማምተዋል።

አለቃዬ ባርኔጣዋን እያራገበች ሥራውን ጀመረች። ወንዙ ላይ ውኃ የሚለካ ጣቢያ ስለሌለ መጽሐፉ የሚያዘው ሽማግሌ መጠየቅ ነው። "አባቶቼ፣ በዕድሜያችሁ ካያችሁት ትልቁ ጎርፍ እስከ የት ደርሷል?" አለች።

ሁሉም ወደ አባቴ አዩ። አባቴ በአካባቢያችን ለምስክርነት የሚፈለጉ ሰው ናቸው። ሁለት ሰው በመሬት ሲካሰስ "እሳቸው ወላሂ ካሉ በቃኝ" ይባላል። ቀስ ብለው ወደ ዛፉ ሄዱና በከዘራቸው ነኩት።

"ምልክቱ ይኸው፣ እትዬ" አሉ። ወላሂ አላሉም።

ምልክቱን አየሁት። ደረቴ ላይ ይደርሳል። ቅርፊቱ የተላጠበት እንጨት ነጭ ነው፣ ፈሳሹ ገና አልደረቀም፤ ቢበዛ የሁለት ቀን ዕድሜ ቢኖረው ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ከሱ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ እኔ የማውቀው ምልክት በነበረበት ቦታ፣ ጭቃ ተመርጓል። ጭቃው ጠርዙ ላይ ገና አልደረቀም። ያንን የመረገው ሰው ሥራውን ተጠንቅቆ ነበር የሠራው፤ እንደ ቅርፊቱ ቀለም እንዲመስል አመድ ነስንሶበታል።

እኔ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ዛፉ አጠገብ አቁሜ፣ አለቃዬ በመሣሪያው አነጣጥራ ንባቡን ነገረችኝ። "ጻፍ" አለች። እርሳሱን ይዤ ቆምኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ሙቀቱ ነው" አልኳት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አጎቴ ናቸው፣ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምስኪን፣ የደጋ ልጅ መሆን አለበት" አሉ።

ጻፍሁት። ሽማግሌዎቹም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረሙ፣ ያልቻሉት አሻራቸውን አኖሩ። ይሉኝታ የማያውቀው ቁጥሬ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ተሸመገለ።

ከምሳ በኋላ አለቃዬ መኪናው ጥላ ውስጥ አረፍ ስትል፣ አባቴ ለአስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ጀሪካን ይዘው ወደ ማሾው ማሳ ጥግ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

"ዋሹ እኮ፣ አባባ።"

"አልማልሁም" አሉ እጃቸውን እየታጠቡ።

"መማሉን አይደለም የምልዎት። ከአንቱ አፍ ውሸት ሰምቼ አላውቅም!"

"አጥኚዎች ሦስት ጊዜ መጡ" አሉ አባቴ። "ሦስቱንም ጊዜ እውነቱን አሳየናቸው። ቀና ብለው ያያሉ፣ ፉጨት ያሰማሉ፣ ውኃው እንዲህ ከመጣ ድልድዩ ትልቅ መሆን አለበት፣ ትልቁ ደግሞ በጀት የለውም ብለው ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ ማሾም ጭነው ነው የሄዱት።"

"በዚህኛው ልክ ከተሠራ ውኃው በላዩ ላይ ያልፋል እኮ።"

"በዓመት ስንት ቀን?"

አሰብሁ። "አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሁለት ዓመት አንዴም ሊሆን ይችላል።"

"አሁንስ ስንት ቀን ነው የሚያግተን?"

አምስት ዓመት ከተማርሁት ይልቅ አባቴ የጠየቁኝ ጥያቄ ይበልጥ ምህንድስና ነበር። ያም ሆኖ ተናደድሁ።

"ሰው እላዩ እያለ ቢመጣስ? ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እሱን ለኔ ተወው።"

"እንዴት ብዬ ነው ለአንቱ የምተወው?"

"ተወው አልሁህ" አሉና እግራቸውን ማጠብ ጀመሩ።

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። "ያንን የላይኛውን ምልክት የመቱት አንቱ አይደሉም እንዴ? እኔ ቆሜ እያየሁ?"

አባቴ ውኃውን አቆሙ። "በጭቃ የመረግሁትም እኔ ነኝ" አሉ። "ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም።"

ከዚያ ሰገዱ። እኔ ማሾው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማንም አልተናገርሁም፣ አሁን መናገሬ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንመለስ ለአለቃዬ ልነግራት ቆርጬ ነበር። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"ዛፉ ላይ ያለው ምልክት ትኩስ ነው፣ አይደል?" አለች መንገዱን እያየች። "ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያየሁት ምልክት ሁሉ ትኩስ ነው። አንዳንዱ መንደር ጎርፉን ዝቅ ያደርግልሃል፣ አንዳንዱ ትልቅ ነገር እንዲሠራለት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ እኔ ሽማግሌ ከነገረኝ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሜትር እጨምራለሁ። ትምህርት ቤት የደኅንነት ህዳግ ብለው ያስተማሩህ ይሄው ነው። ለማታውቀው ነገር የምትተወው ቦታ።"

በልቤ አሰላሁ። አንድ ሜትር ከተጨመረ የሚጎድለው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። እውነቱን ከነገርኳት ደግሞ እውነቱ ላይ አንድ ሜትር ትጨምራለች፤ ድልድዩም እንደ ቀደሙት ሦስቱ ጊዜያት በጀት የለውም ተብሎ ይቀራል።

"ሌላ የምትለኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"የለም፣ ኢንጂነር።"

ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ስለ ሙቀቱ ማማረር ቀጠለች። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ በትክክል ለክቼ የዋሸሁት ግን ያንን ግማሽ ሜትር ብቻ ነው።

ድልድዩ ተሠራ። በምረቃው ቀን ባለሥልጣን መጣ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ መንደሩም ያኔ ድንገት አወቀኝ። "ከየት አገር ነው?" ያለችው ጎረቤታችን ማይክ ተቀብላ በሕፃንነቴ ከጭቃ ስለሠራሁት ድልድይ አስር ደቂቃ ተናገረች። እህቴ በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ፣ ወንዙ ከሥሯ እየጮኸ፣ በባጃጅ ተሻግራ ጤና ጣቢያ ወለደች። የተወለደችው ሴት ልጅ ነች፤ አሁን ስልክ ላይ ታወራኛለች፣ "አጎቴ ድልድዩ" ትለኛለች። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ በዚያው ቅጽበት ግማሽ ሜትሩ ትዝ ይለኛል።

ምህንድስና ምን እንዳስተማረኝ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ደመና ማየት እላለሁ። ደብረ ብርሃን ሲዘንብ ሌላው ሰው ካፖርቱን ይደርባል፤ እኔ ውኃው ወደ ታች ስንት ሰዓት ይፈጅበታል ብዬ አሰላለሁ። ከዚያ ለአባቴ እደውላለሁ።

"ውኃው የት ደረሰ፣ አባባ?"

"ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ሥራህን ሥራ።"

አራት ክረምት እንዲሁ አለፈ። መልሳቸው አንድም ቀን አልተለወጠም፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነበር። ወንዝ እንዲህ ታዛዥ ሆኖ አያውቅም። የአገሩ ሰው ሁሉ ያለ ጥርጥር የሚያምነውን ሰው አንድ እኔ ማመን አቃተኝ፤ ለዚህ ያበቃንም በዚያ ዛፍ ሥር የዋሸነው ሁለታችን ነን።

ባለፈው ነሐሴ እህቴን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ዞር ዞር አለችብኝ፤ ስጨቀጭቃት ነገረችኝ።

"አባባ ደጋው ላይ ደመና ሲያዩ መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ይወርዳሉ" አለች። "ድልድዩ አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ውኃው ታችኛው ምልክት ጋ ሲደርስ ገመድ ይወጥሩና አንድ ሰው አያሳልፉም። ባጃጆቹ ይሰድቧቸዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ባጃጅና አንድ መንጋ አህያ አግተው ሳለ ውኃው በድልድዩ ላይ አለፈ። ሲጎድል ገመዱን ፈትተው ቤት መጡና ያንተን ስልክ አነሡ።"

"ከታችኛው ምልክት በታች ነው አሉኝ እኮ!"

"አውቃለሁ፣ አጠገባቸው ነበርሁ። እንዳልነግርህ ወላሂ በይ አሉኝ። እኔም እንደሳቸው አልማልሁም።"

ወደ ቢሮው ሄድሁ። አለቃዬ ጡረታ ወጥታለች። በእሷ ወንበር ለተቀመጠው ሰው የድልድዩ ጥናት እንደገና ይታይ፣ እስከዚያው ማስጠንቀቂያና መዝጊያ ይተከልበት ብዬ በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ግማሽ ሜትሩንም፣ የራሴንም ጥፋት ጻፍሁት። እየታየ ነው ተባልሁ። አሁንም እየታየ ነው። እስኪታይ ድረስ የዚያ ድልድይ የደኅንነት ህዳግ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ፣ አንድ ገመድና አንድ ዱካ ናቸው። እኔም በሙያዬ ላደርግላቸው የቻልሁትን አድርጌ ትልቅ ጃንጥላ ላክሁላቸው።

ትናንት ራሳቸው ደወሉ።

"ጃንጥላው ደረሰኝ፣ አላህ ይስጥህ። ለፀሐዩ ጥሩ ነው።"

"ውኃው የት ደረሰ፣ አባባ?"

"ከታችኛው ምልክት በታች ነው።"

"ወላሂ ይበሉ።"

በስልኩ ውስጥ የወንዙ ጩኸት ይሰማኛል፣ ባጃጅም ክላክስ ያደርጋል።

"ቆይ ልዝጋው" አሉኝ። "የሚያልፍ ሰው መጣ።"